ዣን አንሪ ፋብር፤ ተቀምጦ የሚመለከተው ሊቅ

ዓይን ያለው ሁሉ ያያል፤ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ሰው ቤት መሥራትን፥ ልብስ መሸመንን፥ ዜማ ማውጣትንና መጽሐፍ መጻፍን በተማረ ጊዜ የሥራውን መነሻ ሁሉ ያገኘው እግዚአብሔር ከፈጠረው ፍጥረት ነው። ድንጋዩና እንጨቱ፥ ጥጡና ሐሩ፥ ብራናውና ቀለሙ ከምድርና ከእንስሳ የተገኘ ነው። ነገር ግን ፍጥረት ለሰው ዕቃ ብቻ የምትሰጥ ጎተራ አይደለችም፤ በትዕግሥት ለሚያነባት መጽሐፍም ናት። ከጎተራው የሚወስድ ብዙ ነው፤ መጽሐፉን የሚያነብ ግን ከብዙ አንድ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ሰው ወደ ገብረ ጕንዳን ሄዶ እንዲማር የመከረው፥ የዚህ መጽሐፍ አንዱ ገጽ በሰው እግር ሥር ተዘርግቶ ስላለ ነው። ይህንም ምክር ዕድሜውን ሙሉ የፈጸመ ሰው በፈረንሳይ አገር ተነሣ፤ ስሙም ዣን አንሪ ፋብር ይባላል። ታሪኩ የሚከተለው ነው፤ ዓመታቱም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ፋብር በ1823 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር በደቡብ ፈረንሳይ ሴን ሌዮን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ድኾች ስለ ነበሩ ሌላ ልጅ በተወለደ ጊዜ እርሱን ማላቫል ወደሚባል ስፍራ፥ ወደ አያቶቹ ቤት ሰደዱት። አገሩ ደጋና ብርዳም ነው፤ ሰዎቹም ላምና በግ እያረቡ የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። በዘመዶቹ መካከል ስለ ጢንዚዛና ስለ ቢራቢሮ የሚያስብ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ፋብር የልቡን ፍላጎት ከማንም አልወረሰም፤ ያስተማረውም ሰው አልነበረም።

ገና የስድስት ዓመት ያህል ሕፃን ሳለ አንድ ቀን በፀሐይ ፊት ቆሞ፥ ይህን ብርሃን የሚያየው በአፉ ይሆን ወይስ በዓይኑ ብሎ በልቡ ጠየቀ። ሰው አልጠየቀም፤ ራሱ ሞከረው እንጂ። አፉን ከፍቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ብርሃኑ ጠፋ። ዓይኑን ገልጦ አፉን ዘጋ፤ ብርሃኑ ተመለሰ። ደግሞ ደጋገመና እርግጡን ዐወቀ። በማታ ይህን ለቤተ ሰቡ በተናገረ ጊዜ ሁሉ ሳቁበት፤ ሴት አያቱ ብቻ በርኅራኄ ፈገግ አለችለት። ደግሞ በሌላ ጊዜ በመሸ ሰዓት ከቍጥቋጦ ውስጥ ቀጭን የሚያምር ድምፅ ሰማ። ወፍ መስሎት ጨለማውን ሳይፈራ ቆመ፤ ጥቂት ሲጠጋ ድምፁ ዝም ይላል፥ ሲርቅ ይሰማል። በማግስቱም ተመለሰ፥ በሠልስቱም ተመለሰ። በመጨረሻ ዘማሪውን ያዘው፤ ወፍ ሳይሆን አንድ የፌንጣ ዓይነት ነበረ። እንግዲህ ያ ሕፃን ፌንጣ እንደሚዘምር ዐወቀ፤ የዐወቀውም ከሰው ሰምቶ ሳይሆን ቆሞ በመጠበቅ ነው። በኋላ ዘመን የሠራው ታላቅ ሥራ ሁሉ የዚህ ምሽት ፍሬ ነው።

ሰባት ዓመት በሆነው ጊዜ ወደ ሴን ሌዮን ተመልሶ ተማሪ ቤት ገባ። ተማሪ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ክፍል የማስተማሪያ፥ የማብሰያና የመኝታ ስፍራ ነበረ። በሩ ሲከፈት የአሳማ ግልገሎችና ዶሮዎች በተማሪዎቹ መካከል ይገቡ ነበር። መምህሩም ጠጕር ይቈርጥ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይደውል ስለ ነበረ ለማስተማር የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። በቤት ደግሞ ፋብር ዳክዬዎችን ወደ ኵሬ እየነዳ ይጠብቅ ነበር። ዳክዬዎቹ ሲዋኙ እርሱ ከውኃው ዳር የሚያበራ ጢንዚዛና የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ይሰበስባል። ማታ ኪሱ በድንጋይ ተቀድዶ ሲመለስ አባቱና እናቱ ይቈጡታል፤ ሀብቱም ሁሉ ወደ ውጭ ይጣላል። ወላጆቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን እንጀራ ያጣ ሰው ለጢንዚዛ ውበት ጊዜ የለውም።

ከዚህ በኋላ አባቱ በሮዴዝ ከተማ ቡና ቤት ከፈተ። ሥራው ግን ስላልቀናው ቤተ ሰቡ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። ፋብር በሮዴዝ ሳለ በተማሪ ቤቱ ጸሎት ቤት በቅዳሴ ጊዜ እያገለገለ ያለ ክፍያ ይማር ነበር። በኋላም ድኽነት በጸና ጊዜ ገና ጎልማሳ ሳይሆን ብቻውን በመንገድ ላይ ቀረ። በቦኬር ገበያ ሎሚ ሸጠ፤ የምድር ባቡር ሐዲድ በሚሠራበት ስፍራም የቀን ሙያተኛ ሆነ። አንድ ቀን በኪሱ የቀሩትን ጥቂት ሳንቲሞች አውጥቶ የግጥም መጽሐፍ ገዛ፤ እራቱም ከመንገድ ዳር የለቀመው ወይን ብቻ ሆነ። ሆዱ ባዶ ሳለ መጽሐፍ የገዛው መጽሐፍ ከእንጀራ ይበልጣል ብሎ አይደለም፤ ያለ መጽሐፍ ልቡም እንደ ሆዱ እንዳይራብ ፈርቶ ነው።

በ1840 ዓ.ም. በአቪኞን ከተማ ለመምህራን ተማሪ ቤት የሚሰጠውን ፈተና ተፈትኖ አንደኛ ሆነ፤ መንግሥትም እየመገበ አስተማረው። በ1842 ዓ.ም. በካርፓንትራ ከተማ የልጆች መምህር ሆነ፤ ደመወዙም በዓመት 700 ፍራንክ ነበረ። ይህ ገንዘብ ለአንድ ሰው እንኳ የሚበቃ አልነበረም። እርሱ ግን ቀን ሲያስተምር ውሎ ሌሊት ብቻውን ይማር ነበር። ሒሳብንና ፊዚክስን ያለ አስተማሪ በራሱ ድካም አጥንቶ የሊቃውንቱን ማዕርግ ተቀበለ።

በካርፓንትራ ሳለ ተማሪዎቹን የመሬት ልክ ሊያስተምር ወደ ድንጋያማ ሜዳ አወጣቸው። ምልክት ሊተክል የተላከው ልጅ መንገድ ላይ ቆሞ ድንጋይ እያገላበጠ ይዘገያል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ያደርጋል። መምህሩ ምክንያቱን በጠየቀ ጊዜ ልጆቹ በድንጋይ ላይ በጭቃ ቤት የምትሠራ አንዲት ጥቍር ንብ እንዳለች፥ እነርሱም ማሯን በገለባ እንደሚመጡ ነገሩት። ሌላ መምህር ቢሆን በተቈጣ ነበር። ፋብር ግን ልኩን ትቶ ከልጆቹ ጋር ተንበረከከ፤ ማሩንም ቀመሰ። ስለዚህች ንብ የበለጠ ለማወቅ ስለ ወደደ የአንድ ወር ደመወዙን ከፍሎ ስለ ተሐዋስያን የተጻፈ መጽሐፍ ገዛ። እንዲህም ሆነ፤ መምህሩ ለተማሪዎቹ መሬት መለካትን ሊያስተምር ወጣ፥ ተማሪዎቹም ለመምህሩ የዕድሜ ልክ ሥራውን አስተማሩት።

በ1849 ዓ.ም. ኮርሲካ በምትባል ደሴት የፊዚክስ መምህር ሆኖ ተሾመ። በዚያም ሞካን ታንዶን የሚባል የዕፀዋት ሊቅ አገኘው። ይህ ሊቅ አንድ ቀን ውኃ ባለበት ሳሕን ውስጥ ቀንድ አውጣ አኑሮ፥ በመቀስና በሁለት መርፌዎች ከፍቶ የውስጥ ብልቶቹን እያንዳንዱን አሳየው፤ ሒሳቡን ትቶ ወደ ሥነ ፍጥረት ትምህርት እንዲመለስም መከረው። ፋብር በሕይወቱ ከተማራቸው ትምህርቶች ሁሉ ይህን አንድ ሰዓት አብልጦ ያስታውሰው ነበር። በኋላም በደሴቲቱ ንዳድ ስለ ታመመ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1853 ዓ.ም. በአቪኞን መምህር ሆነ።

በዚያ ዘመን ሊዮን ዱፉር የሚባል ሊቅ ስለ አንዲት ተርብ የጻፈውን ጽሕፈት አነበበ። ይህች ተርብ ጢንዚዛ እያደነች በምድር ውስጥ ለልጆቿ ታከማቻለች፤ የተከማቹትም ጢንዚዛዎች ብዙ ቀን ሳይበሰብሱ ይቈያሉ። ዱፉር ተርቧ ሬሳው እንዳይሸት የሚያደርግ መድኃኒት የምታገባበት መስሎት ነበር። ፋብር ነገሩን በመጽሐፍ ብቻ አልተቀበለም፤ ወደ ሜዳ ወጥቶ በጕድጓዱ አፍ ተቀመጠ። ከብዙ ትዕግሥት በኋላ ጢንዚዛዎቹ እንዳልሞቱ ተረዳ። ተርቧ ነርቭ የሚባሉት የስሜት ጅማቶች በሚገናኙበት በአንዱ ስፍራ ብቻ ትነድፋቸዋለች፤ እነርሱም ሕያዋን ሳሉ ሽባ ይሆናሉ። ስለዚህ የተርቧ ልጅ ከዕንቍላል ስትወጣ የማይሸሽና የማይበሰብስ ምግብ ታገኛለች። ይህን ጽፎ በ1855 ዓ.ም. አሳተመ፤ በ1856 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሊቃውንት ማኅበር ሽልማት ሰጠው። ዱፉርም ስሕተቱን የገለጠበትን ወጣት አልጠላውም፤ በደብዳቤ አመሰገነው እንጂ። እውነትን የሚወድ ሰው ከማንም አፍ ቢሰማት ደስ ይለዋል።

ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሥራ ዓለም አያውቀውም። አንድ ቀን ፋብር በድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንዲት ተርብ ይጠባበቅ ነበር። ሦስት ወይን ለቃሚ ሴቶች በማለዳ ሲያልፉ አዩት። ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ ቅርጫታቸውን በራሳቸው ተሸክመው ሲመለሱ፥ ያው ሰው በዚያው ድንጋይ ላይ ወደዚያው ስፍራ እየተመለከተ ተቀምጧል። ከሴቶቹም አንዲቱ በጣቷ ግንባርዋን ነካ አድርጋ፥ አእምሮውን ያጣ ምስኪን ነው ብላ አዘነችለት፤ ሦስቱም አማትበው ሄዱ። ፋብር ሰማቸው፤ ግን አልተቀየመም። የሚሮጥና የሚሸከም ሰው ሲሠራ ይታያል፤ ተቀምጦ የሚያስተውል ሰው ግን ሥራው በውስጥ ስለ ሆነ ሥራ ፈት ይመስላል። የእርሻ ዘር ደግሞ በምድር ውስጥ ሳለ ሥራ ፈት ይመስላል።

በ1865 ዓ.ም. ታላቁ ሊቅ ሉዊ ፓስተር የሐር ትሎችን የሚፈጀውን በሽታ ሊመረምር ወደዚያ አገር መጥቶ ፋብርን ጐበኘው። ፓስተር የሐር ትል ራሷን ጠቅልላ የምትተኛበትን ድብልብል ሽፋን አይቶ አያውቅም ነበር። በጆሮው አጠገብ ነቅነቅ አድርጎ በውስጡ አንዳች ነገር እንዳለ ሲሰማ ተደነቀ። ፋብርም ይህ ሰው የትሏን ኑሮ ሳያውቅ ትሏን ሊያድን መምጣቱ ገረመው። ነገር ግን ፓስተር ያላወቀውን ከመጠየቅ አላፈረም፤ በመጨረሻም በሽታውን የሚከላከሉበትን መንገድ አገኘ። ፋብር ከዚህ ትልቅ ትምህርት ተማረ፤ አላውቅም ብሎ በንጹሕ ዓይን መጀመር ከብዙ የተበደረ ዕውቀት እንደሚሻል ተረዳ።

ፋብር ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ ደመወዙ ግን አላደገም። ከድኽነት ለመውጣት ሲል ጋራንስ ከሚባለው ተክል ሥር ጥሩ ቀይ ቀለም የሚወጣበትን ዘዴ ለብዙ ዓመታት መረመረ፤ ተሳካለትም። ነገር ግን ወዲያው የጀርመን ሊቃውንት ይህንኑ ቀለም ያለ ተክል በኬሚስትሪ ጥበብ መሥራት ጀመሩ፤ የፋብርም ድካም በአንድ ጊዜ ከንቱ ሆነ። ደግሞ በአቪኞን በማታ ለሕዝብ ያለ ዋጋ ያስተምር ነበር፤ ልጃገረዶችም ሊሰሙት መጡ። አበባ እንዴት ፍሬ እንደሚይዝ ስላስረዳቸው፥ ይህ ለሴቶች ልጆች የማይገባ ነው ብለው የተቈጡ ሰዎች በእርሱ ላይ ተነሡ። የተከራየበትን ቤት ባለቤቶች እንዲለቅ አደረጉት። በ1870 ዓ.ም. ለ17 ዓመት ያህል ካስተማረበት ከተማ ያለ ጡረታ ወጣ። በዚያ አገር ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል 3000 ፍራንክ አበድሮ ከጭንቅ አወጣው፤ ፋብርም በኋላ በብዕሩ ሠርቶ ብድሩን ሁሉ መለሰ።

ከዚያም በኦራንዥ ከተማ ተቀምጦ ለልጆች የሚሆኑ የትምህርት መጻሕፍት እየጻፈ ቤተ ሰቡን መገበ። ስለ ሰማይ፥ ስለ ምድር፥ ስለ ዕፀዋትና ስለ ቤት አያያዝ የጻፋቸው መጻሕፍት በፈረንሳይ ተማሪ ቤቶች ሁሉ ተነበቡ። ነገር ግን ከድኽነት የከበደ ኀዘን መጣበት። ዡል የሚባለው ልጁ እንደ አባቱ አበባንና ተሐዋስያንን የሚወድ፥ በሜዳም የማይለየው ረዳቱ ነበረ። ይህ ልጅ በ1877 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር በ16 ዓመቱ ሞተ። አባቱ ከኀዘን ብዛት ሥራውን ሊተው ደርሶ ነበር። ያየውን ሁሉ ከማን ጋር ይየው? ማንስ እንደዚያ ልጅ ይደሰትበታል? ሆኖም ፋብር ኀዘኑን ወደ ሥራ መለሰው። በ1879 ዓ.ም. ስለ ተሐዋስያን የጻፈውን የመጀመሪያ ትልቅ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ መታሰቢያነቱን ለልጁ ሰጠ፤ አዲስ ያገኛቸውንም ተርቦች በልጁ ስም ጠራቸው። ሌላው ሰው ለልጁ ሐውልት በድንጋይ ያቆማል፤ ፋብር ግን በአበባ ላይ የሚበርር ሐውልት አቆመለት።

በዚያው ዓመት፥ 55 ዓመት ሲሆነው፥ ለብዙ ዘመን የተመኘውን አገኘ። ሴሪኛን በምትባል መንደር አጠገብ አንድ ሄክታር ያህል መሬት ከአሮጌ ቤት ጋር ገዛ። መሬቱ ድንጋያማ፥ እሾሃምና ጦስኝ የበቀለበት ጠፍ ነበረ። የአገሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን የማይታረስ መሬት አርማስ ይሉታል፤ ፋብርም ቤቱን በዚህ ስም ጠራው። ገበሬ ቢያየው የሚንቀው ያ ስፍራ ለፋብር እንደ ገነት ሆነለት፤ በእሾሁ አበባ ላይ ብዙ ዓይነት ንቦችና ተርቦች ይሰበሰቡ ነበርና። ግንበኞች አጥሩን ሊሠሩ ድንጋይና አሸዋ በከመሩ ጊዜ፥ አጥሩ ሳያልቅ ተርቦች በአሸዋው ውስጥ፥ ንቦች በድንጋዩ መካከል ቤታቸውን ሠሩ። ፋብርም አላባረራቸውም። በዚያ ስፍራ 36 ዓመት ያህል ኖረ፤ ሌሎች ሊቃውንት የሞተ ተሐዋሲ በመርፌ ወግተው በሣጥን ሲያኖሩ፥ እርሱ ሕያው ሆኖ በሥራው ላይ ሳለ ይመለከተው ነበር።

ከሥራዎቹ አንዱ በጠጥ የምታንከባልለውን ጢንዚዛ ይመለከታል። የጥንት ግብጻውያን ይህችን ጢንዚዛ አክብረው በድንጋይና በወርቅ ቀርጸዋታል። ብዙ ዘመን ሙሉ ሊቃውንት የምታንከባልለው ድብልብል ዕንቍላሏን የያዘ ነው ብለው ጻፉ። ፋብር ድብልብሉን ቢከፍት ዕንቍላል አጣበት፤ ምግቧ ብቻ ነበረ። እንግዲህ ዕንቍላሉ ወዴት ነው? ይህን ለማወቅ ለረጅም ዓመታት ደከመ። በመጨረሻ በሰኔ ወር መጨረሻ እንዲጠብቅለት ያዘዘው አንድ ወጣት እረኛ ከምድር ቈፍሮ አንድ ነገር አመጣለት። ይህም እንደ ትንሽ ቅል ከታች ክብ፥ ከላይ አንገት ያለው፥ ከለስላሳ የበግ በጠጥ በጥንቃቄ የተሠራ ነበረ። ዕንቍላሉም አየር በቀላሉ በሚያገኝበት በአንገቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ነገሥታት ያከበሯትን ጢንዚዛ ምሥጢር ከሊቁ ጋር የገለጠው በጎቹን ሲጠብቅ ዓይኑን ከምድር ያላነሣ እረኛ ነው።

ደግሞም ፈረንሳዮች ሲጋል የሚሏት፥ በበጋ በዛፍ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የምትዘምር ክንፋም ተሐዋሲ አለች። የኤውሮፓ ልጆች ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በሚነገር ተረት፥ ይህች ዘማሪ በጋውን በዘፈን አሳልፋ በክረምት ወደ ታታሪዋ ጕንዳን ሄዳ እህል እንደ ለመነች ይማራሉ። ፋብር በደጁ ባሉት ዛፎች ላይ ተመልክቶ ነገሩ የተገለበጠ መሆኑን አገኘ። ሲጋል በክረምት በሕይወት አትገኝም፤ እህልም አትበላም፥ አፏ ለመምጠጥ የተሠራ ነውና። በበጋው ሐሩር ሁሉ ሲጠማ እርሷ የዛፉን ቅርፊት በስታ ውኃውን ትጠጣለች፤ ጕንዳኖች ግን ከምንጩ ሊጠጡ መጥተው እግሯን እየነከሱ ያባርሯታል። ስትሞትም ሥጋዋን ቈራርጠው ይወስዳሉ። ፋብር እንደ ገመተው ይህች ዘማሪ አራት ዓመት ያህል በጨለማ ምድር ውስጥ ቈይታ በፀሐይ የምትኖረው አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ለዚያ አጭር ደስታዋ ብትዘምር ማን ይነቅፋታል? ተረቱ ለሰው ልጆች ምክር ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሲጋል ግን ሐሰተኛ ምስክር ነበረ። የሰው ጥበብ ከፍጥረት ተለይቶ በራሱ ብቻ ሲወራ እንዲህ ያለ ስሕተት ይወልዳል፤ ወደ ፍጥረት ተመልሶ ሲመለከት ግን ይታረማል።

በሜይ ወር በአንዲት ማለዳ አንዲት ታላቅ የሌሊት ቢራቢሮ ከሽፋኗ በወጣች ጊዜ ፋብር በሽቦ ወንፊት ከደናት። በዚያ ሌሊት ትንሹ ልጁ በድንጋጤ ጠራው፤ ቤቱ ወፍ በሚያህሉ ወንድ ቢራቢሮዎች ተሞልቶ ነበር። አርባ ያህል ነበሩ፤ በጨለማም በዛፎች መካከል አልፈው መጥተዋል። ሰው የማያሸተው ረቂቅ ሽታ እንደሚጠራቸው ፋብር ከብዙ ሙከራ በኋላ ተረዳ። በ1896 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር መጨረሻ ደግሞ ተከታትለው የሚሄዱ አባ ጨጓሬዎች በአንድ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ከንፈር ላይ ወጡ፤ የፊተኛው የኋለኛውን ተከተለና ክብ ሠሩ። በብርድና በረኃብ ሳሉ፥ መሪና ተከታይ ሳይለይ፥ ሰባት ቀን ሙሉ ያንኑ ክብ ዞሩ። ይህን የሚያነብ ሰው በአባ ጨጓሬዎቹ ከመሳቁ በፊት፥ የፊተኛው ስለ ሄደበት ብቻ የሚሄድበት መንገድ እንዳለ ራሱን ይመርምር።

ፋብር ፍጹም አልነበረም። አንድ ጊዜ ሲጋል ትሰማ እንደ ሆነ ለማወቅ መንደሩ በበዓል ቀን የሚተኵሰውን መድፍ አስመጥቶ በዛፎቹ ሥር ሁለት ጊዜ አስተኰሰ። ዘማሪዎቹ ዜማቸውን ስላላቋረጡ ደንቆሮዎች ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። የኋላ ዘመን ሊቃውንት ግን ሲጋል የመስሚያ ብልት እንዳላትና የወገኗን ድምፅ እንደምትሰማ አረጋገጡ። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በመጽሐፉ ፋብርን አቻ የሌለው ተመልካች ብሎ አከበረው፤ በኋላም በደብዳቤ ተጻጻፉ። ፋብር ግን ፍጥረታት ከዘመን ወደ ዘመን እየተለወጡ መጡ የሚለውን የዳርዊን ትምህርት አልተቀበለም፤ በዚህም ነገር የኋለኛው ምርመራ ለዳርዊን መሰከረ። ሆኖም ሁለቱ በሐሳብ ሲለያዩ በክብር አልተለያዩም። ፋብር ያየው ነገር ጸንቶ ኖረ፤ ከአየው አልፎ የገመተው አንዳንዱ ወደቀ። በዚህም ማየትና መገመት የተለያዩ መሆናቸውን ለተማሪዎች አስተማረ።

ያየውን ሁሉ የጻፈው ከመሐረብ እምብዛም በማትበልጥ ትንሽ የእንጨት ገበታ ላይ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት አጻጻፉ ቀላልና ጣፋጭ ስለ ሆነ የሊቅ ሥራ አይመስልም ብለው ነቀፉት። እርሱ ግን ወጣቶች ፍጥረትን እንዲወድዱ ስለሚጽፍ፥ በከባድ ቃል የሚጠላ ነገር እንዳያደርገው ይጠነቀቅ ነበር። ከ1879 እስከ 1907 ዓ.ም. ድረስ አሥር መጻሕፍት አሳተመ። ደግሞ በሜዳ የሚያገኛቸውን የእንጉዳይ ዓይነቶች በውኃ ቀለም ሣለ፤ ሥዕሎቹም ከ500 ይበልጣሉ። በአገሩም ቋንቋ ግጥም ይገጥምና ዜማ ያወጣ ነበር። እንዲህ ሆኖ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ምርመራና ሥዕል፥ ግጥምና ዜማ አንድ ቤት ሆኑ፤ የሁሉም በር ያው በተመስጦ መመልከት ነበርና።

በሽምግልናው ዘመን ዓለም ረስቶት፥ ድኽነትም ተመልሶበት ነበር። በ1910 ዓ.ም. ወዳጆቹና ሊቃውንት በሴሪኛን ተሰብስበው በዓል አደረጉለት፤ ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ በብዙ ቋንቋ ተተርጕመው ተነበቡ። በ1913 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ፑዋንካሬ እስከ ቤቱ መጥቶ ጐበኘው። ክብሩ የመጣው ግን ዓይኑ በደከመና ጕልበቱ ባለቀ ጊዜ ነው። በ1915 ዓ.ም. በኦክቶበር 11 ቀን በ91 ዓመቱ ዐረፈ። በ1922 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት አርማስን ገዝቶ፥ ቤቱም መሬቱም ለትውልድ እንዲጠበቅ አደረገ።

ፋብር ሩቅ አገር አልዞረም፥ ወርቅም አላገኘም፥ አዲስ ደሴትም አላገኘም። የኖረው ሰው ሁሉ በሚረግጠው ድንጋይና እሾህ መካከል ነው። ሌላው ሰው ጠፍ መሬት ባየበት እርሱ ቤተ መጻሕፍት አየ፤ ሌላው ትል ባየበት እርሱ የፈጣሪን ጥበብ አየ። የሰው ሥልጣኔ ምድርን በማረስና ድንጋይን በመጥረብ ብቻ አይቆምም፤ ምድርን አክብሮ በማየትም ይጸናል። ያላከበረ አያስተውልም፤ ያላስተዋለ አያውቅም፤ ያላወቀም አዲስ ነገር መፍጠር አይችልም። ስለዚህ ተማሪ ከብት ሲጠብቅ፥ ውኃ ሲቀዳ ወይም በመንገድ ሲሄድ ጥቂት ቆሞ በእግሩ ሥር ያለውን ፍጥረት ይመልከት። ሰው ቢስቅበት አይፈር፤ በፋብርም ያዘኑለት ወይን ለቃሚዎች ነበሩ። በዚያች ምሽት ቅርጫታቸው ወይን ተሞልቶ ነበር፤ በድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ሰው እጅ ግን ባዶ ይመስል ነበር። የዚያ ዓመት ወይን በዚያው ዘመን ተጠጥቶ አለቀ፤ ባዶ እጅ የነበረው ሰው የሰበሰበው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይነበባል።